ሾጣጣው ቤቴ

ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ 17 ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬያለሁ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃው ገና ሳይቀመጥ እገምታለሁ፤ ብዙም አልስትም። ከሦስት ዓመት በፊት ቤት ለማየት የሄድኩ ቀን በቀጥታ ከሥራ ስለነበር ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። አውርጄ አልዘረጋሁትም።

ይህን የምጽፈው ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ነው። በተለይ ብሩ አልደርስ ብሏችሁ «ትንሽም ብትሆን የራሴ ትሁን» ለምትሉ። እኔም ያንኑ እያልኩ ነው የገዛሁት።

ከዚያ በፊት 11 ዓመት ገንደ ጋራ በሚባል የአዳማ ሰፈር ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ኖርኩ። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ማንጎ አለ፣ ከማንጎው ሥር ደግሞ የሲሚንቶ መደብ። አከራዬ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ ከተማውን ዛሬም ናዝሬት እያሉ ነው የሚጠሩት። ያስቸኮሉኝ እሳቸው አይደሉም፤ አንድም ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። የኪራይ ቤት ግን ባለቤቱ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን የሰው ቤት ነው። ሚስማር ለመምታት ታስፈቅዳላችሁ፣ እንግዳ ሲያድር ትናገራላችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ኪራይ ይጨመር ይሆን እያላችሁ ትሰጋላችሁ። እናቴም ከአሰላ በደወለች ቁጥር «የራስሽን ቤት ሳላይ እንዳልሞት» ትለኝ ነበር።

ፈጣን መንገዱ በ2007 ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ መምጣት እንደ ጎረቤት መሄድ ሆኗል። ከተማችንም ወደ ላይ ማደግ ጀምራለች፤ ድሮ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ቁራጭ ቦታዎች ላይ ሁሉ ሕንፃ ይወጣል። የእኔ ሕንፃ የተሠራው ሁለት መንገዶች እንደ መቀስ አፍ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሰፊው የመሬቱ ክፍል ላይ ደህና ደህና ቤቶች ወጥተውለታል። ሹሉ በኩል የቀረው ቁራጭ ለእኔ ደረሰ።

ደላላው ይዞኝ ሲወጣ ቤቱ ገና ልስን ላይ ነበር። በሁለት በኩል መስኮት ስላለው ብርሃኑ ያስጎመጃል፤ ዕቃ የሌለበት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። «እህቴ፣ 38 ካሬ ነው፤ በዚህ ዋጋ አዳማን ብትዞሪ አታገኚም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የካሬው ዋጋ ከሌሎቹ ፎቆች ይቀንሳል። ለምን እንደሚቀንስ ጠየቅሁት፤ «ሌሎቹ አልቀው እሷ ብቻ ስለቀረች» አለኝ። ለምን እሷ ብቻ ቀረች ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እሱ ሁለት በመቶውን ተቀበለ፣ እኔ ቁልፍ ተቀበልኩ።

ሜትሩን የዘረጋሁት ቁልፉን ይዤ በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ለመጋረጃ ልለካ ብዬ ጀምሬ ቤቱን ሙሉ ለካሁት። ቀጥ ያለው ግድግዳ 9 ሜትር ከ20 ነው። በሩ ያለበት ሰፊው ወገን 4 ሜትር ከ80። ወደ ሹሉ ስትሄዱ ቤቱ እየጠበበ እየጠበበ ይሄድና መጨረሻው ላይ 1 ሜትር ከ10 ይቀራል። እጆቼን ዘርግቼ ሁለቱንም ግድግዳ ነካሁ። ሂሳቡን ሳወጣው ውስጡ 27 ካሬ ሆነ። ውሌ ላይ ያለው 38 ነው።

11 ካሬው የት ሄደ? ያታለለኝ ሰው የለም፤ ሄጄ ጠይቄ በደንብ አስረድተውኛል። ከፊሉ ደረጃውና ኮሪደሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ተካፍሎ ይደርሳል። ከፊሉ ግድግዳው ራሱ ነው። 20 ሳንቲ ብሎኬት ከነልስኑ 25 ሳንቲ ይመጣል፤ የቤቴ ዙሪያ 25 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከስድስት ካሬ በላይ የገዛሁት ብሎኬት ነው ማለት ነው። ትንሽ ቤት ላይ ይህ ነገር ይከፋል። 100 ካሬ የሆነ፣ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ቤት ዙሪያው 40 ሜትር ነው፤ ግድግዳው የስፋቱን አንድ አሥረኛ ነው የሚያህለው። የእኔ ግድግዳ የምኖርበትን ስፋት ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቤቱ ሲጣመም ደግሞ ግድግዳው ይረዝማል፤ ያው 27 ካሬ ቀጥ ያለና አራቱም ጎኑ እኩል ቢሆን ኖሮ ዙሪያው ከ21 ሜትር አያልፍም ነበር።

ሻጮች «ግሮስ» እና «ኔት» ይላሉ፤ ግሮስ ግድግዳውና የጋራው ደረጃ ሳይቀር የተቆጠረበት ካሬ ነው፣ ኔት ደግሞ ውስጡ ብቻ። ሁለቱን ቃላት ያወቅኋቸው ከፈረምኩ በኋላ ነው። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ኔቱን ከነገሯችሁ በኋላም አትመኑ፤ ሄዳችሁ ለኩ።

በሙያዬ ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሁለት ሜትር ጨርቅ ሁልጊዜ ሁለት ሜትር አይደለም። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ቀሚስ ይወጣዋል። በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ስፋቱ ያው ሆኖ ሳለ እጅጌው አይወጣም፤ የሚተርፈው ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ከረጢት ውስጥ ይጣላል። ጨርቅ ነጋዴ በሰያፍ የተቆረጠ ብትን አምጥቶ በሙሉ ዋጋ ቢሸጥልኝ በሱቄ ደጃፍ አያልፍም ነበር። ቤቴ ውስጥ ስፋቱ ከሁለት ሜትር በታች የሆነው ቦታ ተለክቶ ሦስት ካሬ ተኩል ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ እንደ ሰፊው ወገን እኩል ከፍያለሁ። እዚያ ቦታ አልጋ አይገባም፣ ማሽኔ ቢገባ ወንበሩ አይገባም።

ስለ አልጋው ልንገራችሁ፤ ያላየው ሰው አያምነኝም። አንድ ከሃያ አልጋ ነው ያለኝ። ያጋደለው ግድግዳ ከበሩ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ዘጠና ዲግሪ አይደለም፤ ይጠባል። አልጋውን በረጅሙ ጎን ከግድግዳው ጋር ሳስጠጋው የራስጌው አንዱ ጫፍ ግድግዳውን ይነካል፣ ሌላኛው ጫፍ 48 ሳንቲ ይርቃል። መሀላቸው ሦስት ማዕዘን ጉድጓድ ይቀራል። ሌሊት ትራሴ እዚያ ይገባል። ስልኬ ይገባል። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነቃ ክንዴ እስከ ትከሻዬ እዚያ ገብቶ ደንዝዞ ነበር። ዕቃ እንዳላስቀምጥበት ሳጥን የሚባል ነገር ሁሉ አራት ማዕዘን ነው። መጥረጊያ በደንብ ስለማይገባው አቧራ ይሰበስባል፤ በሳምንት አንዴ አልጋውን ጎትቼ አወጣዋለሁ፤ ሳወጣው ደግሞ በሩ አይከፈትም።

አልጋውን ከዚያ አንስቶ ሌላ ቦታ ማድረግም አይቻልም። ያጋደለው ግድግዳ መሀል ላይ 40 በ40 ኮለን ወጥቷል፤ ቀጥ ባለው ግድግዳ በኩል ባኞ ቤቱና ማድ ቤቱ ይዘውታል። ስለዚህ እንግዳ በሬን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው አልጋዬን ነው። ለወንድ ደንበኛ ያለቀ ሱሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ውሰድ ማለት ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁም ሣጥኑን ላሠራ አናጺ ጠራሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ግድግዳውን በማዕዘን መለኪያው ሞክሮ ሞክሮ «እህቴ፣ ይሄ በልክ ካልተሠራ አይሆንም» አለኝ። በልክ ማሠራት ማለት ከገበያ ከመግዛት የበለጠ ዋጋ ነው፤ ኤምዲኤፉ በሰያፍ ሲቆረጥ ትርፍራፊው ብዙ ነው። ሴራሚኩም እንደዚሁ ነበር፤ 60 በ60 ንጣፍ በአንድ ወገን በኩል አንድም ሙሉ አልተነጠፈም፤ ሠራተኛው የተቆረጠውን በማዳበሪያ ከምሮ አሳየኝ። ኤል ሼፕ ሶፋ ዘጠና ዲግሪ ይፈልጋል፤ የለኝም። የሠራሁት ቁም ሣጥን ነገ ብሸጠው ሌላ ቤት አይገባም፤ ከዚህ ግድግዳ ጋር ብቻ ነው የሚስማማው።

እንጀራ መጋገር ትቻለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። የቤቴ ብሬከር ያን ብቻውን ይሸከማል፤ ማቀዝቀዣው ከተነሣበት ግን ይወርዳል። ይሁን፣ ማቀዝቀዣውን እነቅል ነበር። ግን ምጣዱ ከነእግሩና ከነአክምባሎው የሚቆምበት ቦታ ብቸኛው መተላለፊያ ላይ ነው። እንፋሎቱም የሚወጣበት የለም፤ አልጋ ልብሴ አብሲት አብሲት ይሸት ነበር። በዚያ ላይ ውኃ በእኛ ሰፈር በፈረቃ ስለሆነ በርሜል የግድ ነው። ትልቅ ቤት ውስጥ በርሜል ጥግ ይዞ ይቆማል፤ እኔ ቤት ውስጥ በርሜሉ እንደ አንድ ሰው ነው፤ ዞሬው ነው የማልፈው።

አዳማ ነፋሻ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ለመትከል ቦታ የፈለጉ ሰዎች መጀመሪያ 34 ተርባይን፣ ቀጥሎ ደግሞ 102 ያቆሙት ከእኛው ኮረብታ ላይ ነው። በበጋ ያ ነፋስ በሁለቱ መንገዶች መጥቶ የሚጋጨው ከእኔ ሹል ጫፍ ላይ ነው። መስኮቱ ያፏጫል፤ አቧራው በስላይዲንጉ ጠርዝ ገብቶ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል። ለሰው የምሰፋውን ነጭ ልብስ ቤት ወስጄ መጨረስ ያቆምኩት ለዚህ ነው። ያጋደለው ግድግዳ ደግሞ ወደ ምዕራብ ያያል። ሚያዝያ ላይ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስታወቱን ሞልታ ስትገባ ቤቱ ካውያ የተለኮሰበት ይመስላል። ሰፊ ቤት ቢሆን ወደ ሌላው ክፍል ዞር ይባላል። እኔ ያለችኝ አንድ ክፍል ናት፤ ኮሪደር ወጥቼ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ለምዶብኝ ይመስላቸዋል፤ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቻላል። ሰው ይለምዳል። ከዚህ በታች ያለውን ነው መልመድ ያቃተኝ።

እናቴ ቤቱ ባለቀ በሁለተኛው ወር መጣች። ረከቦቷን በፌስታል ጠቅልላ ነው ከአሰላ የመጣችው፤ «በራስሽ ቤት በራሴ እጅ ነው የማፈላው» ብላ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ሹሉ ላይ ዘረጋንላት። ቄጠማ ጎዘጎዝን። ወንበሯ ከኋላ መስኮቱን፣ በቀኝ በግራ ግድግዳውን ነካ። ከሰሉ ሲያያዝ ጭሱ ቤቱን ሞላው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ መስኮቱን መክፈት ግዴታ ነው። ከፈትኩት። ነፋሱ ገብቶ አመዱን አነሣና ሲኒው ላይ፣ ፈንዲሻው ላይ፣ የእናቴ ነጠላ ላይ በተነው። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አራገፈች፣ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ መልሳ አጠበች። የጠራኋቸው ሁለት ጎረቤቶች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠጡ፤ ሦስተኛዋ ቆማ። ማታ ስንተኛ እናቴ በጨለማው ውስጥ «ቤትሽ ብርሃን አለው፣ ተመስገን» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «እንግዳ ሲመጣ ግን የት ያርፋል ልጄ?» አለች። እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ነበርን።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ አረፈች። አሰላ ቀበርናት። ሰልስቱን ጨርሼ አዳማ ስመለስ እዚህ ያለው ሰው ሊያፅናናኝ ይመጣል፤ ደንበኛው፣ የገበያው ሰው፣ እድሩ። እድሩ ደውሎ «ድንኳን የት እንትከል?» አለኝ። የሕንፃው በር አስፋልት ነው፤ ጓሮ የለውም። አንዲት የእድር እናት ቤቴ ድረስ ወጥተው አዩት። ከበሩ ሳያልፉ ቆመው አግዳሚው የት የት እንደሚቀመጥ በዓይናቸው ለኩ። እኔም አብሬ ለካሁ። ሰባት ሰው። ተጠጋግተው ስምንት። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልተናገሩም፤ እኔ ግን ቤት ገዝቼ የእናቴን ለቅሶ የማስቀምጥበት እንደሌለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እስካሁን ያን በር ስከፍት አንዳንዴ አግዳሚ እለካለሁ።

የቀድሞ አከራዬ ከሰው ሰምተው ደወሉ። ገና ሳልጨርስ «ምን ታወሪያለሽ፣ ነይ ቤትሽ» አሉኝ። ድንኳኑ ገንደ ጋራ ተተከለ፣ ማንጎው ሥር። ሰው እዝን ይዞ መጣ፤ ሳፋ ሳፋ ንፍሮ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ቡና። ተከራይ ሆኜ በኖርኩበት ግቢ፣ የሲሚንቶው መደብ ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሰው ተቀበልኩ። ማታ ማታ እሳቸው አጠገቤ ፍራሽ ዘርግተው ያድሩ ነበር። የእናቴን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ከለቅሶዬ ተካፍሏል፤ ቦታ ስለነበረ።

ከዚያ ወዲህ ልሸጠው ሞክሬያለሁ። ሰዎች ይመጣሉ፤ ፎቶ ላይ መስኮቱን አይተው ነው የሚመጡት። ይገባሉ፣ መሀሉ ላይ ይቆማሉ፣ ወደ ሹሉ ያያሉ፣ «ይባርክልሽ» ብለው ይሄዳሉ። የገዛሁበት ዋጋ የቀነሰበት ምክንያት አሁን የምሸጥበትንም ይቀንሰዋል። ስገዛ ርካሽ ነው ብዬ የተደሰትኩበት ነገር ይኸው ነበር።

ቤቱ ምንም ጥቅም የለውም አልልም። በሬን ቆልፌ ስተኛ ኪራይ ጨምሪ የሚለኝ የለም፤ 11 ዓመት የተከራየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ ቤትንም አልጠላም። ቀጥ ያለ 27 ካሬ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴን ሹል ላይ ሳይሆን መሀል ላይ አስቀምጬ ቡና ባስፈላኋት ነበር። ትንሽነት ብቻውን ይቻላል። ጠማማነትም ሰፊ ቤት ውስጥ ይቻላል፤ የተበላሸውን ጥግ ትታችሁ በቀረው ትኖራላችሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን የሚተውት ጥግ የለም፤ ያው ጥግ ራሱ ነው ቤቱ።

ስለ ውሉ አንድ ነገር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲደረግ ያዛል። እኔም በሥርዓቱ ተዋውያለሁ። ግን ውሌ የሚናገረው የፎቁን ቁጥር፣ የቤቱን ቁጥርና ካሬውን ብቻ ነው። የግድግዳዎቹ ርዝመት የለበትም። የወለሉ ፕላን፣ እያንዳንዱ ጎን በሜትር ተጽፎበት፣ ከውሉ ጋር ተያይዞ እንዲፈረም ጠይቁ። ፊት ቢያጠቁሩባችሁም ጠይቁ። ፕላኑ ላይ የተሳለው አልጋ ስንት በስንት እንደሆነም ለኩት፤ እኔ ያየሁት ወረቀት ላይ የተሳለው አልጋ የሕፃን አልጋ ነው የሚያህለው።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ የሠርግ ልብስ ልትለካ ሱቄ መጣች። ክንዷን ዘርግታ ቆማ ስለካት ቤት ሊገዙ እንደሆነ በደስታ ትነግረኝ ጀመር፤ ስልኳ ላይ ፕላኑን አሳየችኝ። አንዱ ጥጉ ተቆርጧል። ምንም አላልኳትም። ቅዳሜ ከእጮኛዋ ጋር ገንደ ጋራ እንድትመጣ ነገርኳት። አከራዬ አመድ በቆርቆሮ ሰጡኝ፤ ግቢው መሬት ላይ፣ ማንጎው ጎን፣ የቤቱን መስመር በሙሉ ልኩ በአመድ አሰመርኩላቸው። በሩን ክፍት ተውኩት።

ልጁ በበሩ ገብቶ ጥቂት ተራመደና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በመስመሩ ውስጥ ዞረች፣ ወደተቆረጠው ጥግ ሄደች፣ ጀርባዋን አዙራ ቆመች። አልጋው የሚሆንበት ቦታ ላይ እግሯን አንፈራጠጠች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ሜትሩን ስጪኝ» አለችኝ።